ከአዲስ አበባ ጎንደር፦ ጣናን የሚያሳየው ወንበር በየት በኩል ነው?

መንገደኛው
ጤና ይስጥልኝ። ለመስከረም መጨረሻ ከቦሌ ጎንደር የጠዋት በረራ ቆርጫለሁ፤ መልሱ ከሰዓት በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ነው ይላል። በግራም በቀኝም መስኮት ዳር ክፍት አለ። ዓባይ በረሃንና ጣናን ለማየት የቱ ይሻላል?

ቁልቁል ተመልካች
ግራውን ያዝ፣ «ኤ» ማለት ነው። መስመሩ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ጣና በስተምዕራብ ስለሚቀር በግራ መስኮት ይመጣል። ጠዋት ፀሐይ በቀኝ ስለሆነች ደግሞ በግራ ያለው መሬት ጥሩ ብርሃን ያገኛል፣ ዓይንህንም አይወጋህም። ዓባይ በረሃ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው፣ ከተነሳህ 20 ደቂቃ አካባቢ ላይ ነው። በላዩ ስለምታልፍ ከሁለቱም ጎን ይታያል። ከዚያ የጮቄ ተራራ በግራ ይቀራል።

ረድፉን በተመለከተ፦ የዳሽ 8 ክንፍ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ መሬቱን አይሸፍንም። የሚሸፍነው ከክንፉ ሥር ያለው ሞተር ነው፤ ዋናው ጎማም የሚታጠፈው እዚያው ውስጥ ነው። መሃሉን ተወው። ከኋላው ሲሶ ምረጥ። የፕሮፔለሩ ትይዩ ላይ ከተቀመጥክማ ጩኸቱና ንዝረቱ ይበረታል።

ሌንስ
በጎኑ እስማማለሁ፤ የኋላው ወንበር ግን ለፎቶ ችግር አለው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር በዚያ በኩል የሚታየውን ሁሉ ያደበዝዛል። ከኋላ ሆነህ በሰያፍ ወደ ፊት አታንሳ፤ ቀጥታ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አንሳ።

ፕሮፔለሩ 6 ምላጭ አለው። የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ምላጮቹ ጎብጠው ይወጣሉ፤ ስልክህ አልተበላሸም። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋው እንጂ አታስደግፈው፣ ንዝረቱ ይተላለፋል። ነጸብራቁን ለማጥፋት ጥቁር ነጠላ ወይም ጃኬት ከላይ ጣል አድርግ። ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ቤት ተወው፤ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስለሆነ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያመጣብሃል።

መንገደኛው
እግዜር ይስጥልኝ! ለመልሱ በቀኝ ልቁረጥ ማለት ነው?

ዘጣና
አዎ፣ በቀኝ። ግን ብዙ አትጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይም በዚያው በምዕራብ ስለምትሆን ውሃው ያብረቀርቃል፣ ደጋው ላይም ደመና ይከመራል። መልሱን ወደ ጠዋት ማዞር ከቻልክ እሱ ነው የሚሻለው።

በዚያ ወቅት ጣናን ሰማያዊ ሆኖ አትጠብቀው። ጉማራና ርብ በክረምቱ ያመጡት ደለል ምሥራቁን ዳር ቡናማ ያደርገዋል። በሰሜን ምሥራቅ ዳር አረንጓዴ ምንጣፍ ካየህ እርሻ እንዳይመስልህ፣ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ሊሆን ይችላል።

ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር አጣራ። አንደኛ፣ በረራው ቀጥታ ነው ወይስ በላሊበላ በኩል? በላሊበላ ከሆነ ዓባይ በረሃን በዚያ ቦታ አታገኘውም፤ ጣናም የሚታየው ጎንደር ልትደርስ ስትል ብቻ ነው፣ ያኔም በግራ። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ ወደ ቦይንግ 737 ሊቀየር ይችላል። የእሱ ክንፍ ከመስኮቱ በታች ስለሆነ የመሃል ረድፎች መሬቱን አያዩም፤ ከክንፉ ፊት ወይም ከመጨረሻዎቹ ረድፎች ያዝ። ከክንፉ ትንሽ ቀደም ብሎ በግራ በኩል የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ መስኮት የሌለው «መስኮት ዳር» አለ። የወንበር ካርታው ላይ እንደሌላው ሆኖ ስለሚታይ የመቀመጫ ካርታ የሚያወጡ ድረ ገጾች ላይ ቁጥሩን ቀድመህ እየው።