በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከሐዋሳ ወደ ማጎ ፓርክ፦ አራዊቱንም ሰዉንም በአግባቡ ለማየት ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ የታቦር ሥር መምህርት (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሣር በል እንስሳትና ስለ አዳኞቻቸው ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ጎሽም ሆነ ዝሆን ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቃቸው በአሞራ ገደል ከዓሣ አስጋሪዎቹ እግር ሥር የማይጠፉትን አባ ኮዳዎች፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘሉትን ጉሬዛዎችና ሐይቁ ዳር ብቅ የሚሉትን ጉማሬዎች ነው። በቅርቡ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ፣ «እማዬ፣ ያላየሽውን ነው እንዴ የምታስተምሪው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስድስት ቀን ወስደን፣ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተን፣ በደቡብ ኦሞ ወደሚገኘው ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስበናል።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው፣ «እዚያ ሄዳችሁ ከአቧራ በቀር የምታዩት የለም» የሚሉን ሰዎች መብዛታቸው ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከብዶኛል። አንድ ዘመዳችን በፓርኩ አካባቢ ከሚኖሩት ከሙርሲ ሰዎች መንደር ሲመለስ በስልኩ ያነሣቸውን ፎቶዎች አሳየን፤ ሴቶቹ ሸክላቸውን ከንፈራቸው ላይ እንዳደረጉ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የአንዲቷን ስም እንኳ የሚያውቅ የለም። ፎቶዎቹን ሳይ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ጎሹንና ሰውን በአንድ ዝርዝር ጽፎ እንዲመለስ አልፈልግም። አካባቢውን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መላሽ፦ የቆላው ሾፌር

ይከበሩ መምህርት። እኔ በዚያ መንገድ እንግዳ ይዤ ስመላለስ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ፤ ስለ መንገዱ የማውቀውን ልንገርዎ።

ጉዞውን ረቡዕ ቢጀምሩት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ። ንጋት 12 ሰዓት ከሐዋሳ ከወጣችሁ በሻሸመኔ፣ በአላባ ቁሊቶና በወላይታ ሶዶ በኩል አድርጋችሁ በቀኑ አርባ ምንጭ ትገባላችሁ፤ እዚያው እደሩ። በማግስቱ ኮንሶን አልፋችሁ፣ የወይጦን ሸለቆ ወርዳችሁ ስትወጡ ቀይ አፈር ትደርሳላችሁ፤ ቀኑ ሐሙስ ስለሚሆን ገበያው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ረቡዕ ተነሡ ያልኩት ለዚህ ነው። በዚያ ገበያ የበና፣ የፀማይና የኣሪ ሕዝብ ቅቤውን፣ ማሩን፣ ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ይገናኛል፤ ወንዶቹ በርኮታቸው (ትንሽ የእንጨት መቀመጫ) ላይ ተቀምጠው ዋጋ ይነጋገራሉ። ገበያው ለእንግዳ ተብሎ የቆመ ስላልሆነ እናንተም እንደማንኛውም ገበያተኛ ገብታችሁ ማርም ቅቤም ገዝታችሁ ትወጣላችሁ። ልጅዎ ከሰዉ ጋር መጀመሪያ እዚያ ቢተዋወቅ እመርጣለሁ።

ከቀይ አፈር ቀጥላችሁ ጂንካ ከተማ ትገባላችሁ። ከጂንካ ወደ ፓርኩ ስትወርዱ የእንሰቱና የቡናው ጓሮ በድንገት ያልቅና መንገዱ ጆሮ እስኪደፍን ድረስ ቁልቁል ይወስዳችኋል፤ ከታች የሚጠብቃችሁ ግራርና ሙቀት ነው። እዚያ ስትደርሱ መስኮት ዝጉ፤ የቆላ ዝንብ (ፄፄ) አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ትከተላለች፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ይስባታል። አንድ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ የለበሰ እንግዳ ጉልበቱ ላይ ብቻ አሥራ ሁለት ዝንብ ስንቆጥር፣ አጠገቡ ካኪ ለብሶ በተቀመጠው ጓደኛው ላይ ያረፉት ሁለት ነበሩ። ስለዚህ ካኪና ሰፋ ያለ ልብስ ያዙ። ነዳጅ ጂንካ ላይ ሙሉ፤ ትርፍ ጎማ ሁለት ይሁን፤ መኪናው የግድ ፎር ዊል ይሁን። መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ከፓርኩ ትወስዳላችሁ።

ወቅቱን በተመለከተ የመረጣችሁት ጊዜ ደረቅ ስለሆነ መልካም ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ እኔ አንድ ሚያዝያ ላይ የአንድ ሰዓት ዝናብ በጣለበት መረሬ አፈር ውስጥ እስከ ጎማው ወገብ ሰጥሜ፣ ከአራት እንግዶች ጋር መኪና ውስጥ አድሬአለሁ።

መላሽ፦ ወንዶ ገነት የተማርኩ

መምህርት፣ ስለ አራዊቱ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። በቴሌቪዥን የምናየው፣ መንጋው ሜዳውን የሚሞላበት ሣራማ ምድር በአእምሮዎ ካለ ማጎ ያን አይደለም። ፓርኩ ወደ 2,160 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋምም በተለይ ጎሽን፣ ዝሆንንና ቀጭኔን ለመጠበቅ ታስቦ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ግራርና አባሎ የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፤ ገላጣ ሣራማ ሜዳው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ አውቶማቲክ መሣሪያ በአካባቢው ስለ በዛ፣ የተረፈው እንስሳ የሞተር ድምፅ ሲሰማ መሸሽ ተምሯል። ጎህ ሲቀድ ከገባችሁ እንሹ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮ፣ ጅግራ፣ አምበራይሌና ደፈርሳ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ጎሽ ካያችሁ ታድላችኋል፤ ዝሆንን ግን «እናያለን» ብላችሁ ለልጁ ቃል አትግቡለት።

ቃል ልትገቡለት የምትችሉት ዱካ ነው። ስካውቱን ለምናችሁ ከተፈቀደው ቦታ ላይ በእግር ውረዱ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ አዛውንት ስካውት የዝሆን ፋንድያ ፊት አንበርክኮን፣ እጃችንን እላዩ ላይ አስዘርግቶ፣ «ሙቀቱ ይሰማችኋል?» ይለን ነበር። በእንጨት ሲከፍተው ያልተፈጨ የግራር ፍሬ ከውስጡ ወጣ፤ ከላይ የነበረው እርጥበት ገና አልደረቀም፤ ጥንዚዛዎቹም ገና መድረሳቸው ነበር። «ከአንድ ሰዓት አይበልጥም» አለን። ዝሆኑን አላየነውም፤ ያን ቀን ስለ ዝሆን የተማርኩት ግን በመጽሐፍ ከተማርኩት ይበልጥ ነበር። የእርስዎም ልጅ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

ዋናው ዓላማችሁ ዝሆን ማየት ከሆነ ደግሞ በዳውሮና በኮንታ መካከል ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመውን ጨበራ ጩርጩራን አስቡት፤ እዚያ የማየት ዕድሉ ይሻላል። ማጎን ከመረጣችሁም በመንገዳችሁ ከአጄ አካባቢ ገንጠል ብላችሁ ወደ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ግቡ፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለውን ይህን የቆርኬ ዝርያ በገላጣ ሣር ላይ በመንጋ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከዚያ ተይዘው ወደ ነጭ ሣርና ወደ አዋሽ የተወሰዱት ቆርኬዎች በአዲሱ ቦታቸው አልሰመረላቸውም፤ የሰንቀሌው መንጋ ግን አለ። ከሐዋሳ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ አብዛኛው የከተማችን ተማሪ አለማየቱ ያንገበግበኛል።

ስለ ሰዉም አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ «ሰዎቹ ፓርኩ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ከጠየቀ፣ መጀመሪያ የነበሩት ሰዎቹ መሆናቸውን ይንገሩት። ሙርሲዎች ከብት አርቢም አራሽም ናቸው፤ ሣሩን በወቅቱ እያቃጠሉ ለከብቶቻቸው ለምለሙን ያበቅሉ ነበር፤ ይህም የሜዳውን መልክ ከሠሩት ነገሮች አንዱ ነው። የኦሞ ወንዝ በክረምቱ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ የወንዙን ሙላት ከገታ ወዲህ ያ እርሻ እንደ ቀድሞው የለም። መንደሩ ውስጥ ለፎቶ ገንዘብ ሲጠየቅ የሚበሳጭ እንግዳ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው እላለሁ።

መላሽ፦ የጂንካ ልጅ፣ ነርስ (ሐዋሳ)

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። እኔ የኣሪ ተወላጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ጂንካ ነው። ሙርሲ ስላልሆንኩ በእነሱ ስም አልናገርም፤ ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ።

ለክትባት ዘመቻ ወደ አንድ መንደር ወርደን ሳለ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከፊቴ ተቀመጠች። ሸክላዋን አወለቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የክትባት ካርዱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ገልብጣ አየችውና ምልክቶቹ ምን እንደሚሉ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ እጇን ዘርግታ የጆሮ ጉትቻዬን ነካችና፣ «ይህን ማን በሳሽ? አመመሽ?» አለችኝ። «እናቴ ናት፤ ሕፃን ስለነበርኩ ሕመሙን አላስታውሰውም» አልኳት። እሷም ከንፈሯ የተበሳው በአሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ እንደሆነ፣ ሕመሙንም በደንብ እንደምታስታውሰው ነገረችኝ። ታናሽ እኅቷ ግን አልፈልግም ብላ እንደቀረች ጨመረች። ሸክላውን ቀኑን ሙሉ አያደርጉትም፤ ለወንዶች ምግብ ሲያቀርቡ፣ ከብት ሲያልቡና በሠርግ ያደርጉታል። ለካሜራ ተብሎ ጠዋት ሁሉ ማድረግ ከእንግዳ ጋር የመጣ ልማድ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ መንደሩን የሚያውቅ አስጎብኚ ጂንካ ላይ ያዙ፤ ክፍያውን ከመግባታችሁ በፊት በእሱ በኩል ጨርሱ። ገንዘብ መጠየቃቸውን እንደ ስግብግብነት አትቁጠሩት፤ ለአስጎብኚውም፣ ለሾፌሩም፣ ለሆቴሉም ተከፍሏልና። በማለዳ፣ ከብቶቹ ሳይሰማሩ ሂዱ። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ተቀመጡ፤ ስም ጠይቁ፤ ስማችሁንም ተናገሩ። ፎቶው ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ባይነሣም ምንም አይጎድልባችሁም። ለሕፃናት ከረሜላ አትበትኑ። ማስታወሻ መግዛት ከፈለጋችሁ ሸክላውን ከሠራችው ሴት እጅ ግዙ። ወደ መንደሩ ከመውረዳችሁ በፊት ደግሞ ከጂንካ በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየም ጎብኙ።

እንደ ነርስ ደግሞ፦ አካባቢው ወባማ ነው፤ አጎበር ያዙ፣ ስለ መከላከያ መድኃኒትም ሐኪም አማክሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በደቡብ ኦሞ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ያልተከተባችሁ ካላችሁ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድማችሁ ተከተቡ።

ጠያቂ፦ የታቦር ሥር መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን መላውን አነበብነው። ረቡዕ ጠዋት ሰንቀሌ ጎራ ብለን ቆርኬውን እናያለን፤ አርባ ምንጭ ብንመሽም ግድ የለም። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ዓርብ ከንጋቱ ጀምሮ ማጎ፣ ከሰዓት በኋላ ሙዚየሙ፤ ቅዳሜ በማለዳ መንደሩ፤ ከዚያ ሁለቱን ቀን ለመመለሻ አደረግነው። ጨበራ ጩርጩራን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል።

ልጄ ደብተር አዘጋጅቷል። ከፊት በኩል የኮቴ ሥዕል ሊስልበት ነው፤ ከኋላ በኩል ደግሞ የሚተዋወቃቸውን ሰዎች ስም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ሊጽፍ። ትናንት ማታ ደግሞ፣ «እነሱስ እኛን ማየት ቢፈልጉ ምን እናሳያቸዋለን?» አለኝ። የሐይቁን፣ የአሞራ ገደልንና የቤታችንን ፎቶ አሳትመን ብንይዝ ነውር ይሆን?

መላሽ፦ የጂንካ ልጅ፣ ነርስ (ሐዋሳ)

ነውር የለውም እኅቴ፤ ደስ ይላቸዋል። ከሐይቁ ፎቶ ጋር ግን አያቶቹ ያሉበትን አንድ ፎቶ አትርሱ። እኔን መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «እናትሽ በሕይወት አለች?» ብለው ነበር።