አስቸኳይ፦ ዜብራችን በአዲስ አስፋልት ተሸፈነ፣ ዛሬ ማታ ራሳችን ልንቀባው ነው፤ የትኛው ቀለም ይይዛል?

የጠዋት_ጉዞ፦
ሰላም፣ ቶሎ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። የሰፈር ልጆችን ሰብስበን በእግር ትምህርት ቤት የምናደርስ ወላጆች ነን። መንገዱ ባለፈው ሳምንት አዲስ አስፋልት ሲለብስ ዜብራው ከሥር ቀረ፤ መልሶ የቀባው የለም። ዛሬ ጠዋት የአንድ መኪና ስፖኪዮ የመጨረሻውን ልጅ ቦርሳ ጠልፎት አለፈ። ልጁ ምንም አልሆነም፣ የቦርሳው ማንገቻ ግን ከሥሩ ተበጥሷል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ራሳችን ልንቀባው ተስማምተናል። ያለን ነጭ የግድግዳ ቀለም ነው። አስፋልት ላይ ይይዛል ወይስ ሌላ ልፈልግ? በስንት ሰዓት ይደርቃል? ነገ ጠዋት ልጆቹ ይሻገሩበታል።

ቀለም_በዓይነቱ፦
የግድግዳ ቀለም እዚያ አይሆንም። ጎማ ሲመላለስበት ወዲያው ይላጣል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሳይክል የሚነዳ ሰው ካለ ይጥለዋል። ለመንገድ ብዙውን ጊዜ የሚውለው ወደ 200 ዲግሪ ተሞቆ የሚቀልጥ ፕላስቲክ መሳይ ነገር ነው፤ ማታ የመኪና መብራት እንዲመልስ ላዩ ላይ ደቃቅ የመስታወት ፍሬ ይበተንበታል። በባልዲና በብሩሽ የሚሠራ አይደለም። በዚያ ላይ በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ መንገድ መቀባት ያስቀጣል።

አንጸባራቂ፦
አንጸባራቂ ሰደርያ አልብሷቸው። አለቀ።

ጃንጥላ_ይዤ፦
እናቴ ጃንጥላዋን እንደ ጦር ወደ ፊት ቀስራ ነው የምትሻገረው፣ ፀሐይም ይሁን ዝናብ። የጭነት መኪና ሳይቀር ይቆምላታል። ዜብራ ኖረ አልኖረ አትጠይቅም 😂

ፊዚክስ_ነው_ነገሩ፦
ወንድሜ፣ ስለ ቀለሙ ከመጨነቅህ በፊት ስለ ፍጥነቱ አስብ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በ30 የሚመጣው ግን በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር አካባቢ ላይ ቆሟል። ልብ በል፣ አንደኛው ጨርሶ ሲቆም ሌላኛው ፍሬኑን ገና አልረገጠም! የምቱ ጉልበትም ቢሰላ የ50ው ከ30ው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው መንገድ ላይ ይሞታል፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ እግረኛ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በመንገድ ላይ የሚሞት ሰው ዜሮ ይሁን የሚለውን መርሕ በፓርላማ ስታጸድቅ፣ በ2020 ስቶክሆልም የተሰበሰቡ አገሮችም እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 አይለፍ ሲሉ በከንቱ አልነበረም። ስለዚህ መፍትሔው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ጠበብ ያለ መስመር፣ ከፍ ያለ መሻገሪያ…

የጠዋት_ጉዞ፦
እህት ነኝ። አመሰግናለሁ፣ ግን እስከ ነገ ጠዋት ስዊድን አልደርስም። ቀለሙ ካልሆነ ኖራ በጥብጠን ብንቀባበትስ?

አንጸባራቂ፦
ኖራ ከምትበጠብጡ ሰደርያ ግዙ።

መሪ_ጨባጭ፦
እኔ ሹፌር ነኝ፣ አትቆጪኝ። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ቀለሙን ትተሽ እነዚህን ንገሪን፦ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ስንት መስመር አለው? መሻገሪያው አጠገብ የቆመ መኪና ነበር? ያ ልጅስ እንዴት መጨረሻ ላይ ቀረ፣ ከኋላው አዋቂ የለም?

የጠዋት_ጉዞ፦
ጥፋቱን ልጁ ላይ ልትጭን ነው? ልጁ 7 ዓመቱ ነው። በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት መስመር ነው። ቀኝ ዳር አንድ ሚኒባስ ቆሞ ነበር፣ ለእኛ ብሎ ነው የቆመው፣ ሹፌሩ በእጁ እለፉ አለን። የነካን በእሱ ጎን የመጣው ነው። አዋቂ ሁለት ነን፣ ሁለታችንም ከፊት። ልጆቹ 14 ናቸው፣ አንዱ ሳይክል ይዞ ነው የሚመጣው።

መሪ_ጨባጭ፦
ልጁን አላልኩም። በቃ ነገሩ ተገኘ። ሚኒባሱ በደግነት ቆመላችሁ፣ ግን በቆመበት ጋረዳችሁ። በሁለተኛው መስመር የመጣው ሰውዬ የታየው የቆመ ሚኒባስ ብቻ ነው፤ ሰው የሚያወርድ መስሎት በጎኑ አለፈ። እኔም አድርጌው አውቃለሁ፣ ያን ቀን ማንም ከፊቱ ብቅ አለማለቱ እግዜር ነው። ዜብራው እንደ ወተት ነጭቶ ቢሆን ኖሮም ያው ነበር፤ መስመሩ የሚያልቀው እኮ ሚኒባሱ ሥር ነው።

ቀለም_በዓይነቱ፦
ይሄ እውነት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ጥናት አለ፦ ብዙ መስመር ባለውና መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ መብራት ሳይኖር ዜብራ ብቻ የተቀባበት ቦታ፣ ጭራሽ ካልተቀባው የበለጠ እግረኛ ተገጭቶበታል። በቀለም የምተዳደር ሰው ሆኜ ይህን መናገሬ ይቆጨኛል።

ጃንጥላ_ይዤ፦
ሚኒባስ በፈቃዱ ቆመ ያልሽበት ቦታ ላይ ነው እኔ ማመን ያቃተኝ።

ረዳት_ከኋላ፦
እኔ እንዲህ ያለ የልጆች ጉዞ ሦስት ዓመት መርቻለሁ። “የእግር አውቶቡስ” ነው የሚባለው፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ዴቪድ ኢንግዊክት የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ስሙ እንደሚለው ሹፌርም ረዳትም አለው። ሹፌሩ ከፊት፣ ረዳቱ ከኋላ፤ ከረዳቱ ኋላ ልጅ አይኖርም፣ ጫማው ቢፈታም እንኳ። ሁለታችሁም ከፊት ከሆናችሁ ረዳት የሌለው ታክሲ ማለት ነው፣ በሩ ክፍት ሆኖ የሚሄድ።

ሁለት ሰው ለ14 ልጅ ያንሳል። እኛ ለትንንሾቹ ለሦስት ልጅ አንድ፣ ከፍ ላሉት ለስድስት አንድ አዋቂ እናደርግ ነበር። ዛሬ ማታ ቀለም ልትቀቡ የምትወጡት ስንት ናችሁ? እነዚያ ሁሉ ነገ ጠዋት ይምጡ።

ስትሻገሩም ሰልፉን አታርዝሙት፤ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ባንድ ጊዜ ይለፉ። እጁን ያውለበለበ ሹፌር አያጣድፋችሁ። አንድ አዋቂ ቀድሞ እስከ ቆመው መኪና ጠርዝ ድረስ ይውጣ፣ እዚያ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ሁለተኛውን መስመር ይይ፣ እሱም ሲቆም ብቻ ልጆቹን ይጥራ። ይሄም ቢሆን ለባለ አራት መስመር አይበቃኝም፣ እኔ ብሆን እዚያ አልሻገርም። መብራት ያለበት መስቀለኛ አጠገባችሁ የለም?

የጠዋት_ጉዞ፦
አለ፣ ግን 250 ሜትር ይርቃል። ደርሶ መልስ ግማሽ ኪሎ ሜትር። ይረፍዳል።

መሪ_ጨባጭ፦
ስምንት ደቂቃ ቀድማችሁ ተነሱ።

ካቴና፦
መስቀለኛው ጋ ስትደርሱ ጠርዙ ላይ አትቁሙ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። የሚታጠፍ የጭነት መኪና የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያልፈው፣ ጠርዙን ሊወጣበት ይችላል። ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ አስተምሯቸው፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየኸው እሱም አያይህም። ሳይክል የያዘው ልጅ ወርዶ እየገፋ መሃል ይሁን። ከቤት ሳይወጣም ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ሁለቱ ፍሬኖች እንደሚይዙ፣ ካቴናው እንዳልላላ ይታይ። ሄልሜቱ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ነው፤ ብዙ ልጅ ወደ ማጅራቱ ገፍቶ ግንባሩን ገላልጦ ነው የሚያደርገው።

አንጸባራቂ፦
እኔ ከመጀመሪያው ሰደርያ ብዬ ነበር።

ረዳት_ከኋላ፦
ሰደርያውም ይሁን፣ ለሹፌሩና ለረዳቱ። ዜብራውን ግን አትርሱት። መንገዶች ባለሥልጣን ጋ “መኪና ይበራል” ብላችሁ ብትሄዱ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። አስፋልቱ ዳር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱም ጫፍ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በስልክ ሰዓት ያዙ። መኪናው 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ካለፈ በ30 ነው የሚሄደው፣ በ3.6 ካለፈ በ50፣ በ3 ሰከንድ ካለፈ በ60። ልጆች በሚወጡበት ሰዓት 100 መኪና መዝግቡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ የአስፋልቱንና የተበጠሰውን ቦርሳ ፎቶ አያይዙ፣ ወላጆች ይፈርሙ። ስታመለክቱም ዜብራ ብቻ አትጠይቁ። መሃል ላይ ቆሞ የሚጠበቅበት ደሴት ወይም መብራት ብላችሁ ጠይቁ። ባይሰጧችሁ እንኳ ቢያንስ ቀለሙ ይመጣል።

የጠዋት_ጉዞ፦
እሺ። ነገ በመብራቱ በኩል እንሄዳለን። አምስት ሰው እሺ ብሎኛል። ቀለሙን መልሼ ቆልፌበታለሁ። ማታ እነግራችኋለሁ።

መሪ_ጨባጭ፦
እህቴ፣ እንዴት ሆነ?

መሪ_ጨባጭ፦
አራት ቀን ሆነ እኮ። ልጆቹ ደህና ናቸው?

ጃንጥላ_ይዤ፦
ስምንት ደቂቃ ቀድማ ስለምትነሳ አሁን ተኝታ ይሆናል።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ፣ የቆየ ጥያቄ ላይ ገባሁ። እኛም ጋ ያው ችግር ነው። 50 ሜትሩን በእርምጃ ብለካው ይሆናል?

ረዳት_ከኋላ፦
አይሆንም፣ በገመድ ለካ። አምስት ሜትር ከተሳሳትክ የ50ው መኪና 45 ይሆንልሃል፣ ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚይዙህ እሷ ላይ ነው።