የታሪክ ተማሪዎቻችን ቻትጂፒቲን በኃላፊነት እንዲጠቀሙ እንዴት እናስተምራቸው?

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል የታሪክ መምህር)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ምክራችሁን የምሻበት ጉዳይ ገጥሞኛል። ተማሪዎቼ ስለ ውጫሌ ውል አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ሳርመው ብዙው እንከን በሌለው እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አንቀጹ ሳይቀር የሚመሳሰል ሆኖ አገኘሁት። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በጽሑፏ ሦስት ጊዜ ያስገባችው «ፕሮቴክቶሬት» (የሌላ መንግሥት ጥገኛ የሆነ አገር) ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ሌላው ልጅ ደግሞ «የዓድዋ ጦርነት በ1896 ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በየዓመቱ ሲከበር ያደገ ልጅ፣ ማሽኑ (ቻትጂፒቲ፣ ሲጠይቁት ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚመልሰው ፕሮግራም) በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሰጠውን ቁጥር ሳይመረምር መገልበጡ በጣም አሳዝኖኛል።

ይሁን እንጂ መከልከሉን አልወደድኩትም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ከበድ ያለውን የመጽሐፍ ገጽ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ መሣሪያ ለብዙዎቹ እንደሚጠቅም አይቻለሁና። እናንተ እንዴት ይዛችሁታል?

መልስ 1 (የታሪክ መምህርት)

የተከበሩ መምህር፣ የመረጡት ርዕስ ራሱ መፍትሔውን የያዘ ይመስለኛል። እኔ የማሽኑን መልስ አትሜ ወደ ክፍል ይዤ እገባና ተማሪዎቼ እንደ ማንኛውም የታሪክ ምንጭ እንዲመረምሩት አደርጋለሁ። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎታል፤ ጠቡም የተነሣው ከዚሁ ልዩነት ነው። አምና ባየሁት መልስ ማሽኑ ሁለቱን አዋህዶ «ውሉ ኢትዮጵያን የኢጣሊያ ጥገኛ አደረጋት» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶታል። ልጆቹ «በየትኛው ቅጂ?» ብለው መጠየቅ ሲጀምሩ ክፍሉ ሞቀ፤ አንዱማ ውሉ የተፈረመበትን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አንሥቶ፣ አፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ እንዳልሞላ አስልቶ፣ «ታዲያ ይህ ለምን አልተጠቀሰም?» አለ። እኔ ያላሰብኩት ጥያቄ ነበር።

በምንጭነት የሚጠቅሳቸውን መጻሕፍትም እናጣራለን። አንድ ጊዜ ከነገጹ የጠቀሰውን መጽሐፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ልኬያቸው፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ እንደሌለ አረጋግጠው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከውጤቱ ግማሹን የምሰጠው ተማሪው ጽሑፉን በቃሉ ለሚያስረዳበት አምስት ደቂቃ ነው። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለው ጊዜ እንደሚፈጅ አልክድም፤ እኔ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ልጆች እያስቀረብኩ እጨርሰዋለሁ።

መልስ 2 (የአማርኛ መምህር)

በእኛም ትምህርት ተመሳሳይ ነው። አንድ ቅኔ ሰጥተን ሰምና ወርቁን እንዲለይ ብንጠይቀው፣ የሌለ ኅብረ ቃል (ሰሙንም ወርቁንም የያዘ ባለ ሁለት ትርጉም ቃል) ፈጥሮ በሙሉ ልብ አብራራልን። ተማሪዎቹ ግን ስንኙን ጮክ ብለው ቃሉን አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው ሲያነቡት ወርቁን ራሳቸው አገኙት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን እንደማያሳይ ልብ ያሉትም ያን ቀን ነው።

መልስ 3 (የዜግነት ትምህርት መምህር)

ሁለት ነገር ልጨምር። የተማሪን ስም፣ ውጤትም ሆነ የቤተሰብ ጉዳይ ወደ እነዚህ መሣሪያዎች አናስገባ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው የተጠቃሚ ዕድሜ 13 ዓመት እንዲሆን መክሯል። ሁለተኛ፣ «ይህ በማሽን የተጻፈ ነው» የሚሉትን መለያ ፕሮግራሞች አምነን ልጅ አንቅጣ፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ጸሐፊ ያለ ጥፋቱ ሊወነጅሉ ይችላሉ። ስማርት ስልክ የሌለውንም አንርሳ፤ የመምህርቷ በወረቀት የማተም ዘዴ ይህንን ስለሚፈታ እደግፈዋለሁ።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ማክሰኞ ሁለቱን የአንቀጽ 17 ቅጂዎች ከማሽኑ መልስ ጋር አትሜ እገባለሁ። ዝም ያለችውን ተማሪዬንም «ፕሮቴክቶሬት» የሚለው ሐሳብ ከየትኛው ቅጂ እንደሚመነጭ ፈልጋ ለክፍሉ እንድታስረዳ አሁኑኑ እነግራታለሁ።