ኪራይ መክፈል ስላቆመ ተከራይ የሚቀርበው የጋራ ረቂቅ፦ የአንቀጽ 3 እና 4 ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የአከራዮች ማኅበራችን አባላት፣ ተከራይ ኪራይ መክፈል ሲያቆም ሁላችንም በአንድ ዓይነት መንገድ እንድንሄድ የሚያስችለውን ረቂቅ ካሰራጨሁ በኋላ ከደረሱኝ አስተያየቶች መካከል እጅግ ያሳሰበኝ በአንቀጽ 3 ላይ የቀረበው ነው። አንዳንድ አባላት ውዝፉ ሁለት ወር ሲሞላ አከራዩ መብራትና ውኃ እንዲያቋርጥ፣ ካልሆነም የበሩን ቁልፍ እንዲቀይር የሚፈቅድ ሐረግ በውላችን ውስጥ ይግባ ብለዋል። ይህ ሐረግ እንዳይገባ አጥብቄ እለምናለሁ። ተከራዩ ዕዳ ስላለበት ብቻ ቤቱን የመያዝ መብቱ በዚያው ቅጽበት አይቋረጥም፤ ውሉ መፍረሱንና ቤቱ መለቀቅ እንዳለበት የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፣ ውሳኔውን የሚያስፈጽመውም ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ ተከራይን ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ማስወጣትንም ሆነ እንዲወጣ ማዋከብን በወንጀል ያስቀጣል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ፍርድ ቤት ሁኔታዎችን ሁሉ መርምሮ ካላዘዘ በቀር ማንም ሰው ከመኖሪያ ቤቱ እንዳይወጣ ደንግጓል። ተከራዩ በውሉ ላይ ቢፈርምበትም እንኳ ሕግ የከለከለውን ድርጊት ውል ሊፈቅደው አይችልም። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ኪራይ ተቀምቶ የተበደለው አከራይ ቁልፉን በቀየረበት ቀን ራሱ ተከሳሽና ካሣ ከፋይ ሊሆን መቻሉ ነው።

በኪራይ ገቢ የምትተዳደር አባል፦

ጸሐፊያችን ያሉት እውነት መሆኑን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ረቂቁ የእኛንም ችግር እንዲያይ እፈልጋለሁ። እኔ ሌላ ገቢ የለኝም። ተከራዬ መክፈል ካቆመ በኋላ ለረጅም ጊዜ በቃል ብቻ ስለምነው ቆየሁ፤ አልፎ አልፎ የሚሰጠኝን ጥቂት ገንዘብም ያለ ደረሰኝ እቀበል ነበር። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፌ ስከስ የጠየቅሁት ገንዘብ በእርግጥ ከቀረው ውዝፍ በልጦ ተገኘና ክሱን እንደ አዲስ እንድጀምር ተደረገ። ቁልፍ አልቀየርኩም፣ ዕቃውንም አልነካሁም፤ ሆኖም ወራት አለፉብኝ። ስለዚህ «አትንኩ» የሚለው አንቀጽ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለብንም ይጻፍልን።

የሕግ ትምህርት ያለው አባል፦

እህታችን የገለጹት ችግር ብዙ አከራዮች መብታቸውን የሚያጡበት ዋና በር ስለሆነ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ ሕግ አከራዩን ባዶ እጁን አልተወውም። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 7 ላይ፣ ሰዎችን በግዳጅ ማፈናቀልን አጥብቆ በተቃወመበት በዚያው ሰነድ፣ ያለ በቂ ምክንያት ኪራይ አለመክፈል ሲደጋገም ተከራይን ማስወጣት ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል፤ ነገር ግን በቂ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥና ተከራዩ መከራከሪያውን የሚያሰማበት ዕድል እንዲኖረው ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ የክሱ መሠረት ነው። የትኛው ወር ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ላይ ስንት እንደተከፈለ፣ የቀረው ስንት እንደሆነና እስከ መቼ መከፈል እንዳለበት በግልጽ ሊናገር ይገባል፤ ቅጣትና የውኃ ሒሳብ ከኪራዩ ጋር ተደምረው በአንድ ቁጥር ሲቀርቡ ግን ተከራዩ ምን ከፍሎ ቤቱን ማትረፍ እንደሚችል አያውቅም፣ ዳኛውም ማስጠንቀቂያውን ሊጥለው ይችላል። ማስጠንቀቂያው መድረሱንም ማስረዳት የአከራዩ ድርሻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከማስጠንቀቂያ በኋላ የሚመጣ ከፊል ክፍያ አደገኛ ነው። በብዙ አገሮች አከራዩ ምንም ሳይጽፍ ገንዘቡን ከተቀበለ ውሉ እንዲቀጥል እንደተስማማ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ገንዘቡ ለየትኛው ወር እንደሆነና የቀረውን የመጠየቅ መብት እንደተጠበቀ ይጻፍ።

አራተኛውን ነጥብ አንዳንዶቻችሁ እንደማትወዱት አውቃለሁ፤ ቢሆንም መተው አልችልም። ጣሪያው የሚያፈስበት ወይም ፍሳሹ የተዘጋበት ተከራይ በጽሑፍ አመልክቶ መልስ አጥቶ ከሆነ፣ በክሱ ላይ ይህንኑ መከላከያ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። በአሜሪካ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሰጠ የይግባኝ ውሳኔ ኪራይ የመክፈል ግዴታ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ ከመጠበቅ ግዴታ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አጽንቷል። ማስጠንቀቂያ ከመጻፋችን በፊት ያልመለስነው የጥገና ጥያቄ መኖር አለመኖሩን እንመርምር።

ገንዘብ ያዥ፦

መያዣ ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ሐሳብ አለኝ። ውዝፉ በመያዣው እንዲካካስ መፍቀድ ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ተከራዩ ሲወጣ ለሚገኘው ጉዳት የሚሆን ምንም አይቀርም። ማካካሱ በሒሳብ ማጠቃለያ ጊዜ ብቻ ይሁን። የተከራዩን ዕቃ በዕዳ ምትክ ይዞ ማስቀረትም ያለ ፍርድ እንዳይደረግ በአንቀጽ 3 ውስጥ ይጨመር።

አራት ቤቶች የሚያከራይ አባል፦

ከሁሉም ጋር እስማማለሁ፤ በአንቀጽ 4 በሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ቀን ብዛት ላይ ግን ልዩነት አለኝ። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ለወርሃዊ ተከራይ የሚሰጠው የክፍያ ማስጠንቀቂያ ለዓመታት 14 ቀን ሆኖ ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉው ከተከፈለ ማስጠንቀቂያው ዋጋ ያጣል። በጀርመን አከራዩ ውሉን ወዲያውኑ ማፍረስ የሚችለው ውዝፉ በሁለት ተከታታይ የክፍያ ጊዜያት ከአንድ ወር ኪራይ ሲበልጥ ወይም በረዘመ ጊዜ ተጠራቅሞ የሁለት ወር ኪራይ ሲደርስ ሲሆን፣ ተከራዩ የክሱ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ እንኳ በሁለት ወር ውስጥ ዕዳውን ሁሉ ከከፈለ ያ የማፍረሻ ማስታወቂያ ይሻራል፤ ይህን ዕድል ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ሊጠቀምበት አይችልም። እኔን የማረከኝ ይህ ገደብ ነው፤ አንድ ጊዜ ለተሰናከለ ሰው መንገድ ይከፍታል፣ ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን የሚከፍለውን ግን ያቆመዋል። ረቂቃችን 14 ቀን ይስጥ፤ የክፍያ መርሐ ግብር፣ ማለትም ውዝፉን ከፋፍሎ የመክፈያ ዕቅድ፣ የመጠየቅ ዕድልም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ይሁን። ሥራ ያጣ ተከራይ በመርሐ ግብር ቢከፍለን ወራት ከሚፈጅ ክርክርና ከባዶ ቤት እንደሚሻለን አምናለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

በሐሳቦቻችሁ መሠረት አንቀጾቹን እንደሚከተለው አሻሽያቸዋለሁ።

አንቀጽ 3፦ «የማኅበሩ አባል የሆነ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ አይቀይርም፣ መብራትም ሆነ ውኃ አያቋርጥም፣ የተከራዩን ዕቃ አያወጣም፣ አይዝምም። መያዣ ገንዘብ ከውዝፍ ጋር የሚካካሰው በመጨረሻው የሒሳብ ማጠቃለያ ጊዜ ብቻ ነው።»

አንቀጽ 4፦ «ኪራይ በተወሰነው ቀን ካልተከፈለ አከራዩ በሰባት ቀን ውስጥ ተከራዩን በአካል አነጋግሮ የተነጋገሩትን በጽሑፍ ይይዛል። ስምምነት ካልተገኘ የእያንዳንዱን ወር ውዝፍ ለይቶ የሚያሳይና የ14 ቀን ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በምስክር ፊት ወይም በፊርማ ያደርሳል፤ ተከራዩም በዚህ ጊዜ ውስጥ የክፍያ መርሐ ግብር በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ ከ14 ቀን የረዘመ ጊዜ የሚያዝ ከሆነ ሕጉ ይፈጸማል። ጊዜው ሲያልፍ ውዝፉንና የቤቱን መልቀቅ በአንድነት ጠይቆ ክስ ይመሠርታል፤ ፍርዱም ሥልጣን በተሰጠው የፍርድ አፈጻጸም አካል በኩል ብቻ ይፈጸማል።»

በእጃችሁ ያለው የሕጋችን ድንጋጌ የሚያዘውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ከአንቀጽ 4 ጋር እንዲያመሳክሩልን የሕግ ትምህርት ያላቸውን አባላችንን እጠይቃለሁ። የማስጠንቀቂያውንና የከፊል ክፍያ ደረሰኙን ናሙና ደግሞ እህታችን ከገጠማቸው ተነሥተው ከገንዘብ ያዣችን ጋር ቢያዘጋጁልን፣ ሁለቱን ቅጾች ከረቂቁ ጋር አያይዤ ለድምፅ አቀርባለሁ።