ሀዩንዳይ ስሙን ያደሰው በዋስትናው ነው ወይስ በፋብሪካው?

የሞተር ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሀዩንዳይ የአሜሪካ ገበያ ጉዞ የጠራ መልስ የሚሰጠኝ ሰው እፈልጋለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1986 ኤክሴል የተባለውን መኪና ይዞ ሲገባ መነሻ ዋጋው 4,995 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 168,882 መኪና ተሸጠለት። በ1998 ግን ዓመታዊ ሽያጩ ወደ 90,000 ገደማ አሽቆለቆለ፤ ስሙም የቴሌቪዥን ቀልደኞች ማላገጫ ሆነ። ከዚያ እንዴት እንደተነሳ ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትናውን ነው። ይሄ አይዋጥልኝም። ዋስትና ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን የሞተር ዘንግ) አያጠነክርም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ላይ መኪናው ያን ያህል ስሙ የጠፋው ለምንድን ነው? ዋስትናው በተግባር ምኑን ይሸፍናል፣ ፋብሪካው ውስጥስ ምን ለወጠ? በኋላ የመጣው፣ እንደ ሶናታ ባሉ መኪኖች ላይ የተገጠመው የቴታ 2 ሞተር ብልሽት ጣጣስ ይህን ሁሉ ገደል አይከተውም?

ብሮንዚን፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በሞተሩ ንድፍ ያላክካል፤ አልስማማም። የኤክሴል 1.5 ሊትር ባለካርቡራቶር ሞተር የሚትሱቢሺ ንድፍ ነው፤ ሚትሱቢሺ ራሱም ያንኑ መኪና ፕሬሲስ ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሸጦታል። ድክመቱ የነበረው ንድፉ ወደ ላሜራ፣ ጎማና ፕላስቲክ በሚለወጥበት ቦታ ነው።

ጊዜውን አስቡት። ኩባንያው የተቋቋመው በ1967 ነው። በ1968 በደቡብ ኮሪያዋ ኡልሳን ከተማ የፎርድን ኮርቲና መገጣጠም ጀመረ። በ1975 ፖኒ ወጣች፤ ቅርጿ የጣሊያናዊው ጁጃሮ፣ ሞተሯ የሚትሱቢሺ፣ ሥራውን የመራው ደግሞ ከብሪቲሽ ሌይላንድ የመጣው ጆርጅ ተርንቡል ነበር። የራሱን የመጀመሪያ ሞተር፣ አልፋን፣ ያወጣው በ1991 ነው። ስለዚህ ኤክሴል በመቶ ሺዎች አሜሪካ ሲገባ ኩባንያውም ዕቃ አቅራቢዎቹም ገና በሌላ ሰው ንድፍ እጃቸውን እያፍታቱ ነበር። አንድ ዕቃ ሲሰበር ለምን እንደተሰበረ እስከ ሥሩ የሚመረምር ባለሙያና ላቦራቶሪ የሚኖርህ ንድፉ የራስህ ሲሆን ነው። ያለዚያ የምታውቀው ዕቃውን በሌላ ተመሳሳይ ዕቃ መተካት ብቻ ነው።

ዝገትን ለብቻው ላንሳው፤ የመኪና ስም ከሚያጠፉት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ፖኒ ከ1984 ጀምሮ ካናዳ ውስጥ ስትሸጥ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በላት። ላሜራ በአብዛኛው የሚበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት መገጣጠሚያ፣ የበሩ የታችኛው እጥፋት፣ የፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝ ጨዋማ ውሃ ይይዛሉ። ቀለሙ አብጦ በዓይን ሲታይ ላሜራው ከውስጥ አልቋል። መከላከያው ዚንክ የተቀባ ላሜራ መጠቀም፣ መላውን አካል ገንዳ ውስጥ ነክሮ ፀረ ዝገት ቀለሙን በኤሌክትሪክ ማስያዝ፣ መገጣጠሚያዎቹን ማሸግ፣ ባዶ ክፍሎቹ ውስጥ ሰም መርጨት፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም ክፍት አድርጎ መተው ነው። አንዱ ሲዘለል ሌሎቹ ብቻቸውን አይችሉትም። ዋጋ ለመቀነስ የሚቸኩል ፋብሪካ ደግሞ በሽያጭ ቀን የማይታየውን ነገር ቀድሞ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ያገለገለው መኪና ዋጋ ወደቀ። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲወጣ የሚነገረው ዋጋ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ስሙን ያበላሻል።

ሰሚያስ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። ዋስትናው በ1998 መጨረሻ ለ1999 ሞዴሎች የታወጀ ነው። ሙሉ መኪናው ለ5 ዓመት ወይም ለ60,000 ማይል ይሸፈናል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ያበቃዋል። በወቅቱ ብዙዎቹ ተፎካካሪዎች ለሙሉ መኪናው የሚሰጡት 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነበር። የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይሉ ለሞተር፣ ለካምቢዮና ኃይል ወደ ጎማ ለሚያደርሱ ክፍሎች ነው፦ የሞተር ብሎክና በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ የካምቢዮ ቤትና የውስጥ ጥርሶቹ፣ ዲፈረንሻል፣ ሰሚያስ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) እና መጋጠሚያዎቹ። ይህ ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው። መኪናው ሲሸጥ ሁለተኛው ባለቤት የሚቀርለት 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ያውም መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር።

የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ በሥራ የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከልበት ሌላ ነጥብ አለ። በዚያ ዘመን የነበረው የኤላንትራ 2.0 ሊትር ሞተር የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው) በ60,000 ማይል መቀየር ነበረበት። ሳይቀየር ቀርቶ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ያ ጉዳት የእንክብካቤ ጉድለት ነው ተብሎ ከዋስትና ይወጣል። የዘይትና የቺንጋ ቅያሪ ደረሰኝ መያዝ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን «ወረቀት ቢየላ አያጠነክርም» ወዳልከው ልምጣ፣ ወንድሜ። እውነት ነው፣ ግን ወረቀቱ ወጪውን የሚከፍለውን ሰው ይቀይረዋል። የዘይት ማሸጊያ በስድስተኛው ዓመት ሲያፈስ በፊት የሚከፍለው ባለቤቱ ነበር፤ ፋብሪካው ወሬውንም አይሰማም። ከዋስትናው በኋላ ሂሳቡ ወደ አምራቹ ይመጣል። አምራቹም ወደፊት ለሚመጣው ጥገና የሚሆን ገንዘብ መኪናው በተሸጠበት ጊዜ ከሂሳቡ ቀንሶ መያዝ አለበት። ስለዚህ የጥራት ጉድለት በየዓመቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ የሚነበብ ቁጥር ይሆናል፤ የግዢ ክፍሉ አንድ ዕቃ በጥቂት ሳንቲም አረከስኩ ቢል፣ በዋስትና በኩል ምን ያህል እንዳስወጣ ማነጻጸር ይቻላል።

ይህን መረጃ የሚጠቀምበት ሰው ባይኖር ኖሮ ግን ዋስትናው ኩባንያውን ያከስረው ነበር። ቹንግ ሞንግ-ኩ የኩባንያው መሪ ከመሆኑ በፊት የሀዩንዳይን ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት ድርጅት መርቷል፤ የተበላሸ መኪና ተመልሶ የሚመጣበትን በር ከቅርብ ያውቀዋል ማለት ነው። የጥራት ሠራተኞቹን ከ100 ገደማ ወደ 1,000 ገደማ አሳድጎ ሪፖርታቸው በቀጥታ ለእሱ እንዲሆን አደረገ። ለእኔ ከዋስትናው እኩል የሚመዝነው ይህ ነው። የጥራት ኃላፊ ለምርት ኃላፊ የሚታዘዝ ከሆነ መስመሩን የማስቆም አቅም የለውም፤ የምርት ኃላፊው የሚለካው በወጣው መኪና ብዛት ነዋ።

በዋስትና የተመለሰ ዕቃ እንዲህ ነው መታየት ያለበት። መጀመሪያ የተመለሱት ዕቃዎች በዕቃ ቁጥር፣ በተመረቱበት ቀንና በማይል ይደረደራሉ። ብልሽቱ በጥቂት ሳምንታት ምርት ላይ ከተከማቸ የማሽን ወይም የጥሬ ዕቃ ለውጥ ነው፤ ቀኑን ይዞ አቅራቢው ዘንድ መሄድ ነው። በሁሉም ቀን ተበትኖ ማይሉ ግን ተቀራራቢ ከሆነ ችግሩ ንድፉ ላይ ነው፣ ዕቃው ዕድሜው አጭር ነው። ቀኑም ማይሉም ካልገጠመና አንድ የአየር ጠባይ ወይም አንድ አከፋፋይ ላይ ከበዛ፣ አጠቃቀሙን ወይም የጠጋኙን ሥራ መመርመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው እርምጃ መጋዘንና መስመር ላይ ያለውን ተመሳሳይ ዕቃ ማገድ ነው፤ ምክንያቱ እስኪገኝ አይጠበቅም። ከዚያ ብልሽቱ በላቦራቶሪ ሆን ተብሎ እንዲደገም ይደረጋል። መድገም ካልቻልክ ምክንያቱን አላገኘኸውም። በመጨረሻ ለውጡ ገብቶ ከዚያ ቀን በኋላ የተመረቱት ሲመለሱ ቁጥሩ መውረዱ ይረጋገጣል። ብዙ ፋብሪካ የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ከኪያ ጋር መዋሃዱም ረድቷል። ሀዩንዳይ በ1998 ኪያን ከያዘ በኋላ የሀዩንዳይ ሶናታና የኪያ ኦፕቲማ አንድ መሠረት ተጋሩ። የተለያዩ ዕቃዎች ቁጥር ሲያንስ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜ ይጨምራል፤ አደጋው ደግሞ አንድ ስህተት ብዙ ሞዴል ላይ መሰራጨቱ ነው። ቴታ ላይ የሆነው እሱ ነው።

ቁጥር አንባቢ፦

ሰሚያስ ያለው ላይ የመለኪያውን ነገር ልጨምር፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው ሁለት መለኪያ ስለሚደባለቅ ነው። ጄ ዲ ፓወር የተባለው የአሜሪካ የገበያ ጥናት ድርጅት የመጀመሪያ ጥራት ጥናት የሚጠይቀው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የታየውን ችግር ነው፤ ውጤቱም በ100 መኪና ስንት ችግር ተብሎ ይነገራል። የኮሪያ መኪኖች በአማካይ በ1998 ከነበሩበት 272 በ2004 ወደ 117 ወረዱ። በዚያው ዓመት ሀዩንዳይ በስሙ 102 አግኝቶ 104 ካገኘው ቶዮታ ቀደመ። በ2006 ከፖርሽና ከሌክሰስ ቀጥሎ ሦስተኛ፣ ከቅንጡዎቹ ውጭ ካሉት ደግሞ አንደኛ ሆነ። ኪያም በ2016 በ83 ችግር ከሁሉም አንደኛ ወጣ።

የ90 ቀን ውጤት ግን የመገጣጠም ጥራትን ነው የሚያሳየው፦ የበር ክፍተት፣ የንፋስ ድምፅ፣ የማይሠራ ማብሪያ። ስለ ብሮንዚን (ቢየላው ኮሎው ላይ ሲዞር የሚያርፍበት ስስ የብረት ሽፋን) እና ስለ ዝገት ምንም አይነግርህም። ለዚያ የሦስት ዓመት መኪናን የሚለካው የዘላቂነት ጥናት አለ፤ በ2004 ሀዩንዳይ በእሱ ገና ከአማካይ በታች ነበር። ፋብሪካው ዛሬ ቢስተካከል የዘላቂነቱ ቁጥር ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያገለገለ መኪና ዋጋ ከዚያም ዘግይቶ ይከተላል። በዚህ መሐል ያለውን የጥርጣሬ ዘመን ያሻገረው ዋስትናው ነው፤ ሽያጩ በ1999 ወደ 164,000፣ በ2000 ወደ 244,000 ገደማ የደረሰው የዘላቂነት ማስረጃው ከመምጣቱ በፊት ነው።

የሞተር ወዳጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ የቀንና የማይል አደራደሩ ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ታዲያ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት እያለ ቴታ 2 እንዴት አመለጠ? ያገለገለ ሶናታ የሚገዛ ሰውስ ምን ይመልከት?

ብሮንዚን፦

ያመለጠው በጽዳት ነው። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የተመረቱት የ2011 እና የ2012 ሶናታ 2.0 እና 2.4 ሊትር ሞተሮች ላይ ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) ሲበሳና ሲላግ የሚቀረው የብረት ፍርፋሪ ከዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሞተሩ ሲሠራ ፍርፋሪው ወደ ቢየላው ብሮንዚን ይገፋል፤ የዘይቱን ፍሰት ያንቃል። ብሮንዚኑን የሚያቀዘቅዘው ያው ዘይት ስለሆነ ይግላል፣ ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል። ያኔ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምር የብረት ኳኳታ ይሰማል። በዚሁ ከተነዳ ቢየላው ተሰብሮ ብሎኩን ሊበሳ፣ ሞተሩም መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ብልሽቱ ብዙ ማይል ከተነዳ በኋላ ስለሚመጣ የ90 ቀን ጥናት ሊያየው አይችልም። ፋብሪካው የጽዳት ዘዴውን የለወጠው በ2012 ነው።

በመስከረም 2015 ወደ 470,000 ሶናታ ለጥገና ተጠራ፤ በ2017 የሀዩንዳይና የኪያ ሌላ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ተጨመረ። ቴክኒካዊ ስህተት በየትም ፋብሪካ ይደርሳል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ የጥሪው አያያዝ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጥሪው ዘግይቷል፣ የተሰጠውም መረጃ ትክክል አይደለም ብሎ ነበር፤ በ2020 ሁለቱ ኩባንያዎች በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ቅጣት ተስማሙ። ጉዳዩን ያጋለጠው የኩባንያው መሐንዲስ በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት አገኘ። የጥራት ቡድን ያገኘውን ችግር ወዲያው ካልተናገረ 1,000 ሰው መቅጠሩ ምን ይሠራል?

ለገዢ፦ የሻንሲ ቁጥሩን በመንግሥት የጥሪ መፈለጊያ ገጽ አስገብተህ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለ እይ። የኳኳታ መለያ ሶፍትዌሩ መጫኑን ጠይቅ፤ ይህ ሶፍትዌር በሞተሩ የንዝረት ሴንሰር የብሮንዚን ኳኳታን ቀድሞ ይሰማል፣ መብራት ያበራል፣ ፍጥነቱንም ይገድባል፤ የሚመዘግበው ኮድ ፒ1326 ነው። ኮዱ ወጥቶ የተሰረዘ መኪና ከሆነ ግዢውን አቁም። ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ አስነስተህ ጋዝ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ኳኳታው አብሮ ከፈጠነ የቢየላ ነው። አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ አስቆርጠህ እጥፋቶቹን ዘርጋ፤ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካለ ብሮንዚኑ እየተበላ ነው። ዘይቱንም በየ1,000 ማይሉ ለካው፣ ምክንያቱም በጎደለ ዘይት ደህናውም ብሮንዚን አይተርፍም።

ሰሚያስ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ለቴታ 2 የተራዘመው የብሮንዚን ዋስትና ለሁለተኛም ባለቤት ይሠራል፣ ግን ሶፍትዌሩ መጫን አለበት፤ ካልተጫነ ከመግዛትህ በፊት ሻጩ በነፃ እንዲያስጭነው አድርግ። ከአከፋፋይ «የተረጋገጠ ያገለገለ» ተብሎ የሚሸጠውን ከገዛህ ደግሞ የሞተርና የካምቢዮው 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ተመልሶ ይሰጥሃል፤ ቆጠራው ግን መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ስለሆነ ያንን ቀን በጽሑፍ ተቀበል።