አግዳሚው ወንበር በጣውላ ወለል ላይ እየሸሸ አስቸገረ

እንጨት ሥራ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ቤቱ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ወለሉ ቫርኒሽ የተቀባ ጣውላ፣ አግዳሚው በእጅ የተሠራ ዋንዛ፣ እግሩ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር። ሰው ደገፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ 4 ቁራጭ በማስቲሽ ለጠፍሁ፤ ሦስቱ በሳምንቱ ተላቀቁ። ማስቲሹ የያዘው የእግሩን ቫርኒሽ እንጂ እንጨቱን አልነበረም፤ ተገልብጦ ሲታይ ቫርኒሹ ጎማው ላይ እንደ ቅርፊት ተጣብቋል። አሁን ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ፍቄዋለሁ።

ወፍራም የመኪና ጎማ ልለጥፍ ወይስ በሚስማር ልምታው? ጎማው ሲሳሳ የሚስማሩ ራስ ወለሉን እንዳይቧጥጥ ፈራሁ። ጥቁር ጎማ ደግሞ ቫርኒሽ ላይ እድፍ ይተዋል፤ ቆዳ ይሻል ይሆን? አንዱ እግር በ3 ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ መጀመሪያ እሱን ላስተካክል?