መቅደላ ላይ የምሽጉ ግንብ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከደሴ ተነስተን በተንታ በኩል ተማሪዎችን ወደ መቅደላ ልንወስድ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ከሴባስቶፖል መድፍ በቀር ምሽግ የሚመስል ነገር አላየሁም። ለልጆቹ ምኑን እናሳያቸው? እንግሊዞችስ የገቡት በየት በኩል ነው?

መልስ፦
አብሽር፣ የሚታይ ሞልቷል። የጎንደርን ዓይነት ግንብ ግን አትጠብቁ፤ እዚህ ግንቡ ተራራው ራሱ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በንብርብር ተኝቶ የየንብርብሩ ጠርዝ ገደል ሆኗል። ሰው የካበው ገደሉ መውጫ በተወበት ቦታ ብቻ ነው፦ ኮኪት በርና ካፊር በር። ቤቶቹ ሣር ክዳን ስለነበሩ እንግሊዞች አምባውን ሲያቃጥሉት ጠፉ። ልጆቹን መጀመሪያ ሰላምጌ ሜዳ ላይ አቁሟቸው፤ የሥላሴን ኮረብታ ከኋላቸው፣ የመቅደላን ገደል ከፊታቸው አድርገው ይዩት።

መልስ፦
የገቡት በኮኪት በር ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ። በሩ ድርብ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ። የታችኛው ከውስጥ በድንጋይ ክምር ተደፍኗል። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ማፈንጃ ባሩዱንና መሰላሉን ሳይዙ ስለመጡ በሩን መክፈት አቃታቸው፤ ወታደሮቹ ግን በጎን ካቡንና በላዩ ያለውን የእሾህ አጥር ተንጠላጥለው ገቡ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሰዉት ከሁለተኛው በር አጠገብ ነው።

ለልጆቹ አንድ ነገር አስረዱልኝ፦ አምባውን የጣለው የበሩ ድክመት አይደለም። መቅደላ የሚጠበቀው አጠገቡ ያሉት ኮረብቶች፣ ፈላና ሥላሴ፣ በእጅ እስካሉ ድረስ ነው። ሁለቱም በዚያው ቀን ጠዋት ያለ ውጊያ ተያዙ። ወደ አምባው ሊወጡ የነበሩት የንጉሡ መድፎችም ሰላምጌ ላይ ቀሩ። ከሦስት ቀን በፊት በአሮጌ ሜዳ ውጊያም የንጉሡ መድፈኞች ከፈላ አናት ቁልቁል የተኮሱት አብዛኛው የመድፍ ኳስ ኢላማውን አልፎ ነው የወደቀው፤ ከከፍታ ቁልቁል ማለም ከባድ ነው።

መልስ፦
ሴባስቶፖል ጋ ስትደርሱ ስለ መንገዱም ንገሯቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር በ1860 መስከረም መጨረሻ ተነስቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ በሰው ጉልበት፣ በጠፍር እየተጎተተ። ፊት ፊቱ ገደል እየተናደ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ መንገድ ይወጣለት ነበር። የሚያሳዝነው የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ጦርም ወደ በሽሎ ወንዝ ሲወርድ በዚያው በንጉሡ መንገድ ተጠቅሟል። አፉን ልብ ብለው ይዩት፦ ሰፊና አጭር ነው። እንዲህ ያለው መድፍ ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ ከአናት የሚጥል ነው።